አርባ ሁለተኛው መንገድ

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ቢሮ ገባሁ። ጃንጥላዬን በር ጀርባ ሰቀልኩ፤ መስኮቱን ከፈትኩ፤ የትናንቱን የሻይ ብርጭቆ አለቀለቅኩ። የተቀረጸ እርሳስ ፈልጌ ስላጣሁ ባልተቀረጸው ሥራ ጀመርኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቀያሹ ገባ። ጫማው ጭቃ ለብሷል፤ የመለኪያ ሜትሩ ትከሻው ላይ ተጠምጥሟል። ሳይቀመጥ፣ ሦስት ጊዜ ቆጥሬያለሁ አለኝ። ያሳተምነው መጽሐፍ፣ መሃል ከተማው አርባ አንድ መንገዶችና ሰባት አደባባዮች አሉት ይላል። አደባባዮቹ ልክ ናቸው። መንገዶቹ ግን አርባ ሁለት ናቸው፤ አንድ ይተርፋል።

የትኛው እንደሆነ አልጠየቅሁትም። አውቀው ነበር።

ጽሕፈት ቤታችንን ለማያውቅ ሰው ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። የመሃል ከተማ መንገዶችና አደባባዮች ታሪክ ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው፣ መንገዶቻችን ለብዙ ዘመን ያለ ታሪክ ሲረገጡ መኖራቸው የሚመለከታቸውን ስላሳሰባቸው ነው። ሕዝቡ በመንገዱ ይሄድበታል እንጂ ታሪኩን አያውቅም ነበር። የሚያውቀው ዳቦ የት እንደሚሸጥ፣ ዝናብ ሲጥል የቱ ጋ እንደሚያጥለቀልቅ፣ ማን ከማን ጋር በየትኛው ጥግ ተጣልቶ በየትኛው ጥግ እንደታረቀ ብቻ ነው። ይህ ወሬ ነው። ታሪክ የሚባለው ማኅተም ያረፈበት ነው።

ሦስት ነን። ኃላፊያችን ያቅዳሉ፤ ቀያሹ ይለካል፤ እኔ እጽፋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ታሪክ ስለሆነ ሥራው የተሰጠኝ በችሎታዬ ነው ማለት ይቻላል፤ ከሦስታችን የጽሕፈት መኪናው አጠገብ የምቀመጠውም እኔ ነበርኩ።

አሠራራችን ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች በአንድ ነገር ይለያል። እኛ ሥራን የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው። መጀመሪያ የምረቃው ቀን ይቆረጣል። ከዚያ የጥሪው ወረቀት ይበተናል። ከዚያ መቅድሙ ይፈረማል። ከዚያ መጽሐፉ ተጽፎ ይታተማል። በመጨረሻ፣ ጊዜ ከተረፈ፣ መጽሐፉ ከመንገዱ ጋር ይመሳከራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት እኛን አይመለከትም። እኛ ስናፈስ ማንም አይቶን አያውቅም፤ የምንለቅመው ግን ሁልጊዜ አናጣም።

መቅድሙን የፈረሙት፣ መኪናቸው ሲያልፍ ሰው ሁሉ ወደ ዳር የሚወጣላቸው ትልቅ ሰው ናቸው። በመቅድሙ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በደማቁ ተጽፏል፤ «በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንድም ስህተት የለም፤ ወደፊትም አይኖርም» ይላል። ሲፈርሙ መጽሐፉ ገና አንድ ቃል አልተጻፈም ነበርና እውነታቸውን ነው።

ረቂቁን ጨርሼ ለኃላፊያችን ሰጠሁ። ሁለት ቀን አነበቡት። ደረቅ ነው አሉ፤ እርጥበት ያስፈልገዋል። በቀይ እስክሪብቶ እርጥበቱን ጨመሩበት። «አንድ የሚንጠባጠብ ቧንቧ ያለበት አደባባይ» ያልኩት «በሦስት ፏፏቴዎች ያጌጠ አደባባይ» ሆነ። «ዳቦ ቤቱ ጋ የሚታጠፍ መንገድ» ያልኩት «እንደ ፍላጻ የቀና ጎዳና» ሆነ። የቆርቆሮ ሠሪዎቹ መንገድ ደግሞ «ለኅሊና ዕረፍትን የሚሰጥ ጸጥታ የሰፈነበት» ሆነ። በዚህ በመጨረሻው ላይ ኃላፊያችን ራሳቸው ትንሽ እንዳመነቱ ከእስክሪብቶው ነጠብጣብ ይታያል። ግን አመኑበት።

ታትሞ መጣ። ጊዜ ተርፎ ነበርና ቀያሹ ለማመሳከር ወጣ። በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ገጽ የልዩነት ዝርዝር ይዞ ተመለሰ። በሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን በመጽሐፉ መጨረሻ «እርማት» የሚል ቁራጭ ወረቀት ይለጠፍ ነበር። ኃላፊያችን ግን እጃቸውን መቅድሙ ላይ አድርገው የጽሕፈት ቤታችን መመሪያ ሆኖ የቀረውን ቃል ተናገሩ።

«መጽሐፉ ተፈርሟል» አሉ። «ከተማው ግን አልተፈረመም።»

የሚታረመው ከተማው ነው ማለት ነው። በማግስቱ የእርማት ግብረ ኃይል ተቋቋመ።

ግብረ ኃይሉ ያከናወናቸውን ታላላቅ ተግባራት ሁሉ መዘርዘር አልችልም። የአደባባዩ ቧንቧ በተጨማሪ ሁለት ቦታ እንዲፈነዳ ተደርጎ ፏፏቴዎቹ ሦስት ሞሉ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። የአካባቢው ሰው ግን ጀሪካን ይዞ እየወጣ አፈሰው፤ በሪፖርታችን ላይ «ጎብኚዎች» ተብሎ ተቆጥሯል። ዳቦ ቤቱ ጋ መንገዱ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ትልቅ ሰሌዳ ተተክሎ፣ መንገዱ ሳይታጠፍ ሲቀጥል የሚያሳይ ሥዕል ተሣለበት። ሥዕሉ ጥሩ ስለነበር አንድ ብስክሌተኛ ገባበት። ሐኪም ቤት ድረስ ሄደን ስንጠይቀው መስክሮልናል፤ በእርግጥ ቀጥ ያለ መስሎኝ ነበር አለ።

አስቸጋሪ የነበረው ጸጥታው ነው። ቀያሹና እኔ ለቆርቆሮ ሠሪዎቹ ትእዛዙን ልናደርስ ሄድን። ከሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ቆርቆሮ ሠሪ፣ ባልዲ እየጠገኑ ነበር። ቀያሹ መጽሐፉን ገልጦ ገጹን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው፤ ከፍ ባያደርግ አይሰማም ነበር። ሰውየው መዶሻቸውን አስቀምጠው እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ስለኛ ነው?»

«ስለ እናንተ መንገድ ነው፣ አባባ።»

«ደስ ይላል። የት ነው ያለው? እኔም እዚያ ብሠራ ደስ ይለኛል።»

ቀያሹ ከዛሬ ጀምሮ በዝግታ መምታት እንደሚገባቸው በትሕትና ነገራቸው።

«ወንድሜ» አሉ ቆርቆሮ ሠሪው፣ «ቆርቆሮ በልመና ሲታጠፍ አይተህ ታውቃለህ?»

በመጨረሻ መዶሻዎቹ ላይ ጨርቅ እንዲጠመጠም ተስማማን። ድምፁ አልቀነሰም፤ ነገር ግን ጨርቅ የተጠመጠመበት መዶሻ የሚያሰማው ድምፅ እንደ ሁከት እንደማይቆጠር በደብዳቤ ተረጋገጠ።

አሁን ወደዚያች ማክሰኞ እመለሳለሁ።

ከቆርቆሮ ሠሪዎቹ ጀርባ፣ በሁለት ግንቦች መካከል ወደ ታች የሚወርድ ጠባብ መንገድ አለ። አሥራ አንድ ደረጃዎች አሉት። ከደረጃዎቹ ግርጌ በስተቀኝ አረንጓዴ በር አለ፤ ባሌ የሚሠራበት ነበር። ባሌ ታፔላ ጸሐፊ ነበር። ጽሕፈት ቤታችን ከመቋቋሙ በፊት፣ የአርባ አንዱንም መንገዶች ስም በብሩሽ የጻፈው እሱ ነው። ለራሱ መንገድ ግን ሳይጽፍለት ቀረ። ሥራ ሲቀለኝ እጽፋለሁ ይል ነበር። ሥራው ሳይቀል ካቻምና ሞተ። ከአረንጓዴው በር በላይ ባለችው ክፍል እናቱ፣ አማቴ ማለት ነው፣ ይኖራሉ። ብቻቸውን ቢሆኑም ሠፈሩ ብቻቸውን ትቷቸው አያውቅም፤ ደረጃውን የሚወርድ ሁሉ ቀና ብሎ ደኅንነታቸውን ይጠይቃል።

መጽሐፉን ስጽፍ ለየመንገዱ የተፈቀደው አንድ ገጽ ነበር። እዚያ መንገድ ላይ ስደርስ አራት ገጽ ሆነብኝ። በማግስቱ ጠዋት አነበብኩት። የተሠራበት ዘመን የለም፤ ስፋት የለም፤ ርዝመት የለም። ያለው አንድ ሰው ነው። ቢሮ ውስጥ ሰዎች በሻይ ሰዓት እየተቀባበሉ እንዲያነቡት የምፈልገው ነገር አልነበረም። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ነገ ሥርዓት ያለው ግማሽ ገጽ እጽፋለሁ አልኩ። ነገ ነገ ስል ረቂቁ ማተሚያ ቤት ገባ። ለማንም አልተናገርኩም። አርባ አንድ ሆኖ ታተመ።

ቀያሹ ሪፖርቱን ባቀረበ ዕለት ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። ኃላፊያችን መነጽራቸውን ጠርገው ጉዳዩ ከባድ መሆኑን ተናገሩ። አንድ መንገድ ቢጎድል ጠፋ ይባላል፤ መትረፉ ግን በመቅድሙ ላይ የተሰነዘረ ክስ ነው አሉ። ከዚያ ወደ ቀያሹ ዞሩ።

«ታፔላ አለው?»

«የለውም፣ ጌታዬ።»

«ስም አለው?»

«የለውም።»

«በመጽሐፉ ውስጥ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ምኑ ነው ያለው?»

ቀያሹ ትንሽ አሰበ። «ሰዎች አሉት» አለ።

«ሰዎች በአርባ አንዱም መንገዶች አሉ» አሉ ኃላፊያችን። «ይህ መለያ ሊሆን አይችልም።»

ቀያሹ ወደ እኔ ተመለከተ። አማቴ የት እንደሚኖሩ ያውቃል፤ የባሌን ቀብር አብሮን የሸኘ ሰው ነው። እኔ ወደ ወረቀቱ ተመለከትኩ። መንገዱ ትርፍ እንደሆነ፣ ሁለቱም ጫፎች በግንብ እንዲዘጉ፣ ደረጃዎቹ እንዲሞሉ፣ ነዋሪዎቹም በመጽሐፉ ውስጥ ወዳሉ መንገዶች እንዲዛወሩ ተወሰነ። ተቃውሞ ያለው ካለ ተብሎ ተጠየቀ። «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጻፍኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያለ ሰው ብዙ ዘመን ዝም ብሎ ማየት ነበረበት።

በዚያው ቀን ከሥራ ስወጣ ወደ አማቴ ሄድኩ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል፣ እንደ ሪፖርት ነገርኳቸው። እጃቸውን ከምስሩ ላይ አላነሱም።

«እና የረሳው ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ።»

«ረሳሽው?»

«አልረሳሁትም። ጽፌው ነበር፤ አወጣሁት።»

አንድ ጠጠር ለቅመው በመስኮት ወረወሩ። «ሰው ፊት ላለማልቀስ ብለሽ» አሉ።

ከሳህኑ ላይ ሌላ ጠጠር ለቀምኩ።

«ጥሩ ነው፤ ጨዋ ነሽ። በቀብሩ ዕለትም እንዲሁ ነበርሽ፣ ሰው ሁሉ አደነቀሽ። እኔ ልጄን አልቅሼ ሳልጨርስ አሁን ደግሞ ለደረጃው ላልቅስልሽ?» ሳህኑን ወደ ጎን ገፉት። «ስጪያቸው ወረቀቱን። አራት ገጽ እንባ ሰው አይገድልም፣ ልጄ።»

በማግስቱ አራቱን ገጾች ኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ፤ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ መንገዱም የመጽሐፉ አርባ ሁለተኛ መሆን እንደነበረበት ነገርኳቸው። እዚያው ፊቴ አነበቡት። ቆሜ ጠበቅሁ። ባሌ ብሩሹን ጆሮው ላይ ሰክቶ እያፏጨ እንደሚሠራ የሚለው ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው ሳያስቡት ማፏጨት ጀመረ። ሰባተኛው ደረጃ በስተግራ የተሰበረ በመሆኑ እንግዳ ሁሉ እዚያ ላይ እንደሚደናቀፍ፣ እሱም ከውስጥ ሆኖ «ሰባት» ብሎ እንደሚጮህ አነበቡ። እናቱ ምሳውን በቅርጫት አድርገው ከመስኮት በገመድ እንደሚያወርዱለት፣ «ብላ፣ አንተ ደረቅ» እንደሚሉት አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ሁለተኛ ሲያወልቁ አይቻቸው አላውቅም።

«እህቴ፣ ይህ ታሪክ ነው» አሉ።

«አመሰግናለሁ።»

«አንዲት ቃል አልነካም። በሁለተኛው እትም ውስጥ እንደ ወረደ ይገባል።»

«መንገዱስ?»

«መንገዱ አሁን ከመጽሐፉ ውጭ ስለሆነ በውሳኔው መሠረት ይዘጋል። ሁለተኛው እትም ሲወጣ ይከፈታል። መጽሐፉ ይቅደም፤ መንገዱ ይደርሳል።»

አንድ ዓመት እንደሚፈጅ፣ አማቴ ደግሞ ሰማንያ ዓመት እንዳለፋቸው ነገርኳቸው። ከልብ አዘኑ። ለዚህም ብለው የግንቡ ሥራ ከጠዋት ይልቅ ከሰዓት በኋላ እንዲጀመር ፈቀዱ፤ አሮጊቷ ዕቃቸውን በእርጋታ እንዲያሰናዱ ነው።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እኛ ማንንም አልናቅንም፤ ለእያንዳንዱ ነዋሪ የምስጋና ደብዳቤ ሰጥተናል። የአማቴ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ሁለት ሣጥኖችና ቅርጫታቸው ወደ እኔ ቤት መጡ። ቆርቆሮ ሠሪዎቹ ዕቃውን ተሸክመው አሥራ አንዱን ደረጃዎች አወጡልን፤ ሰባተኛው ላይ ሽማግሌው ተደናቅፈው ሣጥኑን ሊጥሉት ነበር፤ አርባ ዓመት ሙሉ ወጥተው የወረዱበት ደረጃ ነው። ግንበኞቹ ሁለቱን ጫፎች በግማሽ ቀን ዘጉ። በሳምንቱ አሮጌዎቹ ግንቦች አዲሶቹን መሸከም እንዳልቻሉ ታወቀና ሁሉም አንድ ላይ ፈረሱ። ቦታው ተደልድሎ ለምረቃው እንግዶች መኪና ማቆሚያ ሆነ። ቆርቆሮ ሠሪው መኪና ማቆሚያው በመጽሐፉ ውስጥ አለ ወይ ብለው ጠይቀው ነበር። መኪና ማቆሚያ መንገድም አደባባይም ስላልሆነ መጽሐፉን እንደማይቃረን ተብራራላቸው። ገባኝ አሉ። የተናገሩበትን አኳኋን በሪፖርቱ አላሰፈርኩትም።

ምረቃው ደመቀ። ትልቁ ሰው መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው ከተማውን ዞሩ። ሦስቱን ፏፏቴዎች ቆጠሩ። ሰሌዳው ላይ የተሣለውን ጎዳና ከሩቅ አይተው ቀጥ ማለቱን አደነቁ። ቆርቆሮ ሠሪዎቹ ለዚያ ቀን ብቻ ሥራ አቁመው ስለነበር የትልቁ ሰው ኅሊና ዕረፍት አገኘ። በዕድሜዬ ከእውነት ጋር እንዲህ የተስማማ መጽሐፍ አላየሁም አሉ። ለትክክለኛነቴ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ተጨበጨበ። አማቴ ምን እንደሰጡኝ ጠየቁ፤ አሳየኋቸው። አነበቡትና ጥሩ ወረቀት ነው፣ ወፍራም ነው አሉ።

ያ ዓመት አለፈ። አማቴ በእኔ ቤት መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። መስኮቱ የሚያሳየው የጎረቤቱን ግድግዳ ነው። ቀና ብሎ ደኅንነታቸውን የሚጠይቅ አልነበረም፤ አራተኛ ፎቅ ነው። እኔ ጠዋት ስወጣ እጠይቃለሁ፤ ማታ ስገባ እጠይቃለሁ። ሁለት ጊዜ ነው፤ እዚያ በቀን ሠላሳና አርባ ጊዜ ይጠየቁ ነበር።

ሁለተኛው እትም በተባለው ቀን ወጣ። ኃላፊያችን ቃላቸውን ጠበቁ። አራቱ ገጾች ከገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት እስከ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ድረስ እንደ ወረዱ ገብተዋል፤ በመጽሐፉ ውስጥ እርጥበት ያልተጨመረባቸው እነሱ ብቻ ናቸው። ቀያሹ ለማመሳከር ወጣ። ሲመለስ አርባ አንድ አለ። መጽሐፉ አርባ ሁለት ይላል። አንድ ጎደለ።

ኃላፊያችን ተነሥተው ጨበጡኝ። ግብረ ኃይሉ በዚያው ቀን መንገዱን እንዲሠራ ታዘዘ።

የሚሠራው የት እንደሆነ ጥያቄ ተነሣ። መኪና ማቆሚያው በዚያን ጊዜ የታላላቅ ሰዎች መኪናዎች የለመዱት ቦታ ሆኗል፤ ማንንም ማስነሣት አይቻልም። ገጾቹ ተመረመሩ። መንገዱ የት እንደነበረ አልጻፍኩም፤ ሠፈሩ ሁሉ ስለሚያውቀው መጻፍ ያለብኝ አልመሰለኝም ነበር። ኃላፊያችን ይህን በጣም አመሰገኑ። ቦታ አለመጥቀሴ አርቆ አስተዋይነት ነው አሉ። መንገዱ ከእሳት አደጋ መኪናዎች ጋራዥ ጀርባ፣ ባዶ መሬት ላይ ተሠራ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው።

ሥራው እንከን አልነበረበትም። አሥራ አንድ ደረጃዎች ተሠሩ። መሬቱ ሜዳ ስለነበረ መጀመሪያ ጉድጓድ መቆፈር አስፈለገ። ሰባተኛው ደረጃ በመጀመሪያ በጥሩ ድንጋይ ተሠርቶ ርክክብ ከተደረገ በኋላ በስተግራ እንዲሰበር ተደረገ። በሩ አረንጓዴ ተቀባ። መንገዱ ታፔላ እንዳልነበረው በገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት ስለተገለጸ፣ መግቢያው ላይ «እዚህ መንገድ ላይ ታፔላ መለጠፍ ክልክል ነው» የሚል ታፔላ ተለጠፈ።

የቀረው ሰው ነበር። ሁለት የሥራ መደቦች ወጡ፤ አንድ ታፔላ ጸሐፊ፣ አንዲት የመስኮት እናት። በመራጭ ኮሚቴው ውስጥ እኔም ተመደብኩ፤ ገጾቹን በቃሌ የማውቀው እኔ ነኝ ተብሎ ነው።

ለታፔላ ጸሐፊነት ስድስት ሰዎች ቀረቡ። በገጹ መሠረት የተፈተኑት ብሩሽ ጆሮ ላይ በመሰካትና በማፏጨት ነበር። ጥሩ አድርጎ ያፏጨው ተመረጠ። መጻፍ ይችል እንደሆነ አልተጠየቀም፤ የጻፍኩት ሲያፏጭ ነበር እንጂ ሲጽፍ አልነበረም።

ለመስኮት እናትነት አራት ሴቶች ተመዘገቡ። አራተኛዋ አማቴ ነበሩ። አልነገሩኝም፤ የክት ነጠላቸውን ለብሰው፣ የራሳቸውን ቅርጫት ይዘው መጡ። ኃላፊያችን አላወቋቸውም። መታወቂያ አይተው የአመልካችነት ቁጥር ሰጧቸው። ከአዲሱ አረንጓዴ በር በላይ ወዳለው መስኮት ወጡ። እኛ ከታች ጠረጴዛ ዘርግተን ተቀምጠናል፤ አዲሱ ታፔላ ጸሐፊ ብሩሹን ሰክቶ በሩ ላይ ቆሟል።

ቅርጫቱን አወረዱ። ገመዱን ሲለቁ እጃቸው እንዴት እንደሚሄድ እኔ አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ ቆም፣ ከዚያ ቀስ። ቅርጫቱ ወለሉን ሳይነካ ከሰውየው ደረት ትይዩ ቆመ። ኃላፊያችን በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አሁን ንግግሩን አሏቸው።

አማቴ ወደ ታች ተመለከቱ። ሰውየው ያፏጫል።

«ለማን ነው የምለው?» አሉ።

«ለልጅዎ ነዋ፣ እናቴ» አሉ ኃላፊያችን። «ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አምስት።»

«የታለ?»

ኃላፊያችን በጣታቸው ሰውየውን አሳዩአቸው። አማቴ አንድ ጊዜ ደግመው አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ቅርጫቱን ወደ ላይ ሳቡ። በውጤት መዝገቡ ላይ «ቅርጫት፦ በጣም ጥሩ፤ ንግግር፦ አላሟላም» ተብሎ ተጻፈ። መደቡ ድምፃቸው ከጋራዡ ማዶ ለሚሰማ ሌላ ሴት ተሰጠ። አማቴ ደረጃውን ሲወጡ ክንዳቸውን ያዝኩ። ሰባተኛው ላይ አልተደናቀፉም፤ ይሄ ልክ አልተሰበረም አሉኝ።

በወሩ መጨረሻ ቀያሹና እኔ የመጨረሻውን ማመሳከሪያ ልንሠራ ሄድን። እኔ አነባለሁ፤ እሱ ምልክት ያደርጋል። ደረጃ አሥራ አንድ፤ አለ። አረንጓዴ በር፤ አለ። ፉጨት፤ አለ። ከላይ ቅርጫት ወረደ፤ «ብላ፣ አንተ ደረቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አለ። ቅጹ መጨረሻ ላይ «የጎደለ ካለ ይጠቀስ» የሚል አንድ መስመር አለው። ቀያሹ ቅጹንና እስክሪብቶውን ሰጠኝ።

«እትዬ፣ ይሄኛውን እርስዎ ይሙሉት» አለ፤ ዞሮም ግድግዳውን መለካት ጀመረ።

ከዚያ በፊት እንዲህ ባለው መስመር ላይ ሁልጊዜ «ምንም» ብዬ ነበር የምጽፈው። በዚያን ቀን «ባሌ» ብዬ ጻፍኩ፤ ስሜን ጻፍኩ፤ ፈረምኩ።

ሰነዱ በሦስተኛው ቀን ከኃላፊያችን ቢሮ ተመለሰልኝ። በቀይ እስክሪብቶ፣ በሚያምር ጽሑፍ፣ እንዲህ የሚል ሰፍሮበታል፦ «በገጽ 214 የተጠቀሰው ሰው ከወሩ መጀመሪያ አንሥቶ ተቀጥሮ በሥራ ላይ ይገኛል። ጉድለት የለም። ይመዝገብ።»

መዘገብኩት። መሃል ከተማው አርባ ሁለት መንገዶችና ሰባት አደባባዮች አሉት። ባሌ የለም። በየቀኑ ወርዶ ይወጣበት የነበረው መንገድም የለም።